ከሪፖርቱ የወጡ ሦስት መስመሮች

ወረቀቱን ይዞ የመጣው ተላላኪ ነው። ቡታጅራ ውስጥ የምሠራባት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ቆመና፣ "ቶሎ ትደርሳለች? ሰሌዳ ላይ የምትለጠፍ ናት" አለኝ። በእስክሪብቶ የተጻፈች ግማሽ ገጽ ናት። ሁለተኛው መስመር ላይ ስሟን አየሁት። "ዶክተር ኸይሪያ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው መሥሪያ ቤታችን የተሰማውን ጥልቅ ኀዘን ይገልጻል።"

መሞቷን የሰማሁት እንዲህ ነው፤ እንድተይበው ከተሰጠኝ ወረቀት ላይ።

"ድንገተኛ የሚለው ይውጣ" አልኩት።

"ለምን ይወጣል?"

"ስድስት ዓመት የታመመ ሰው ድንገት አይሞትም።"

"ወንድሜ፣ አንተ የተጻፈልህን ነው የምትጽፈው፤ እኔም የተላክሁትን ነው የማደርሰው። ምን አጣላን?"

እውነቱን ነው። እኔም ወልቂጤ ሳለሁ ይህንኑ ለራሴ ብዬ ነበር። ወረቀቱን መለስኩለትና ሌላ ቤት እንዲሄድ ነገርኩት። "ጧት ጧት የሚነካው አለ መሰል" እያለ ወጣ። የመለስኩት ከኀዘን እንዳይመስላችሁ። ኀዘኑ በኋላ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው፤ እስካሁንም አልሄደም።

ኸይሪያ ወልቂጤ ወደነበረው የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤታችን ስትመጣ እኔ ታይፒስት ነበርኩ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ፣ ማታ ማታ ግጥም የምጽፍ፣ ቀን ቀን ደግሞ የሌላ ሰው ደብዳቤ የምተይብ ልጅ ነበርኩ። እሷ ከቡታጅራ ወጣ ብላ ካለች የመስቃን መንደር ነው የተወለደችው፤ አባቷ የበሬ ነጋዴ ነበር። አጭር ናት፤ ስትራመድ ተረከዟ መሬቱን የሚደበድብ ይመስላል። የመጣችው በላሞች ላይ የሚደርሰውን ውርጃ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለማጥናት ነው። ለላቦራቶሪ የሰጧት የድሮ መጋዘን ነበር። ማቀዝቀዣ ተሰጣት፤ ግማሹን የሞላው ግን ኃላፊያችን ለእንግዶች ያስቀመጠው ለስላሳ መጠጥ ነው።

የመጀመሪያ ቀን፣ "ዶክተር፣ ይግቡ" አልኳት።

"አንቱታውን ለኃላፊዎቹ ቆጥብላቸው፤ ያልቅባቸዋል። እኔን አንቺ በለኝ።"

ስለዚህ እስከ ዛሬ አንቺ ነው የምላት።

ተቆጪ ነበረች። ሰው ሲዘገይ ትቆጣለች፣ ጠርሙስ በደንብ ሳይታጠብ ሲቀር ትቆጣለች፣ ስብሰባ ሲበዛ ትቆጣለች። "ባክቴሪያ ስብሰባ አይጠራም፤ ሥራውን ነው የሚሠራው" ትል ነበር። ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ስለምታደርግ ለመስማት ጎንበስ ማለት አለብህ፤ ጎንበስ ብለህ ነው የምትሰደበው።

አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼው የሄድኩትን ግጥም አነበበችው። "እንደ ወተት የነጣ ሰላም" የሚል ስንኝ ነበረበት።

"ወተት ነጭ ስለሆነ ንጹሕ ነው ያለህ ማነው?" አለችኝ። "ና፣ ላሳይህ።"

ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰችኝ። ከጤፍ ፍሬ እጅግ ያነሱ ቀያይ ነጠብጣቦች ሰማያዊ መሬት ላይ ተበትነው አየሁ። ካስወረደች ላም የተወሰደ ነው አለችኝ።

"ግጥም የምትጽፍ ከሆነ እንዲህ አይተህ ጻፍ። ያላየኸውን አትጻፍ፤ ያየኸውን አትሰርዝ። ሌላው የግጥም ሕግ ሁሉ እዚያው ይቆየኝ።"

መዝጋቢ ስላልሰጧት ወደ ገጠር ስትወጣ እኔ ደብተር ይዤ እከተላት ጀመር። አዘውትረን የምንሄደው ከጉብሬ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ወደምትገኝ አንዲት መንደር ነበር። በዚያች መንደር አሥራ ሁለት ሴቶች ውጆ ነበራቸው። ውጆ ሴቶቹ የየላሞቻቸውን ወተት በአንድ ገንቦ አጠራቅመው የሚንጡበት፣ ቅቤውንም በየተራ የሚወስዱበት ማኅበር ነው። አንዲት ላም ብቻ ያላት ሴት ለመስቀል በቂ ቅቤ የምታገኘው በዚህ ነው። የውጆው ዳኛ ሁሉም አዶት ብርነሽ የሚሏት ሴት ነበረች፤ አዶት በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ረጅም ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም።

ኸይሪያ ውጆውን ስታይ ዓይኗ በራ። "መንደሩን ሙሉ በአንድ ገንቦ የሚያስመረምር ሕዝብ የት ይገኛል?" አለችኝ። ከጧቱ ወተት ሳይረጋ ትንሽ ቀዳች። ላቦራቶሪዋ ገብታ ሰማያዊ መመርመሪያ ጠብ አደረገችበትና ለብ ያለ ውሃ ላይ አቆየችው። ወተቱ ውስጥ የታመመች ላም ወተት ካለ ክሬሙ ላይ ሐምራዊ ቀለበት ይሠራል፤ ከሌለ ወተቱ እንዳለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀለበቱ ቁጭ ብሏል።

የቀረው የየትኛዋ ላም እንደሆነ ማወቅ ነበር። ለአሥራ ሁለቱ ሴቶች አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሰጠቻቸው፤ እያንዳንዷ የራሷን ላም ወተት እንድታመጣ። አመጡ። አሥራ ሁለቱም ቀለበት ሠሩ።

ኃላፊው ወሬውን ሲሰማ በር ላይ መጥቶ ሳቀ። "አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት? ዶክተር፣ መጀመሪያ መሣሪያሽን አስመርምሪው።"

እሷ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳች ታያቸው ነበር። "ስባቸውን እየው" አለችኝ። "የአንዷ ላም ይወፍራል፣ የአንዷ ይቀጥናል። እነዚህ ግን ሁሉም እኩል ናቸው። የአንድ ገንቦ ወተት ነው ያመጡልኝ።"

በማግሥቱ ኸይሪያ የአዶት ብርነሽ ደጃፍ ላይ ቆመች።

"አዶት፣ ወተቱን ማን ደባለቀው?"

"እኛ።"

"ለምን?"

"አንዷ ብቻዋን እንድትዋረድ ነው? የታመመች ላም ያላት ተብላ ከውጆ እንድትወጣ? ካለባት ሁላችንም አለብን ብለን ከገንቦው እየቀዳን ሞላንልሽ።"

"እኔ የላም በሽታ እንጂ የሰው ነውር አልፈልግም።"

"እዚህ አገር ላምና ሴት የሚለያዩ መሰለሽ እንዴ ልጄ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ኸይሪያ አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ሴቶቹም እንደ እኛ ጎንበስ አሉ። "መተዛዘናችሁ ጥሩ ነው። ግን ቅቤውን በምትካፈሉበት ገንቦ በሽታውንም እየተካፈላችሁት ነው። ይህ በሽታ ላም ላይ አይቆምም። ሰው ላይ ሲመጣ ወገብ ይሰብራል፣ ትኩሳቱ ይሄዳል ይመለሳል፣ ነፍሰ ጡር ያስወርዳል። አሁን እንዳትዋረዱ ስትሉ ኋላ አብራችሁ ታማችሁ ትተኛላችሁ።"

አዶት ብርነሽ ወደ በረቱ ዞረች። "ከእኔ ጀምሪ" አለች።

ከእያንዳንዷ ላም ደም ተወሰደ። በሽታው የተገኘባት አንዲት ላም ብቻ ነበረች፤ የአዶት ብርነሽ ላም። ያችን ላም የሰጣት መሥሪያ ቤታችን ነው። ያኔ አርሶ አደሩ የተሻሻለ ዝርያ ያርባ ተብሎ በፓኬጅ የፈረንጅ ክልስ ጊደሮች ይታደሉ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ላሟን ያወጡላት ስምም "ፓኬጅ" ነበር። "ፓኬጅ ታለበች? ፓኬጅ ሣር በላች?" ይባላል። ኸይሪያ ውጤቱን ስታይ አባቷን አነሳች። "አባቴ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ከማየቱ በፊት 'ለምን ትሸጠዋለህ?' ይል ነበር። እኛ ጊደሮቹን ከእርባታ ጣቢያው ስናመጣ ማን ጠየቀ? ማን መረመረ?" ማንም አልመረመረም። የዕደላው ቀን የተቆረጠ ስለነበር ለምርመራ ጊዜ የለም ተብሏል፤ ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ ፓኬጅ አስወረደች። አንድ ጧት አዶት ብርነሽ ሰው ላከች፤ ስንደርስ የሞተው ጥጃ ወጥቷል፣ የእንግዴ ልጁ ግን ውስጥ ቀርቷል። የሚያወጣው ሰው ክንዱን እስከ ትከሻው ማስገባት አለበት። ለዚህ የሚሆን ረጅም ጓንት ያስፈልግ ነበር። ጓንት እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ተይቤያለሁ፤ ሦስቱም "በጀት እንደተገኘ ይታያል" ተብለው ተመልሰዋል። በዚያው ሰሞን ለልምድ ልውውጥ ለሚመጡ እንግዶች ካኔቴራና ኮፍያ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ነበር።

"ተዪው" አልኳት። "ጓንት የለሽም።"

"እኔ ከተውኩት እሷ በባዶ እጇ ታወጣዋለች" አለች አዶት ብርነሽን እያሳየች። "ፌስታል አምጡልኝ።"

ሁለት ፌስታል ክንዷ ላይ አሰረች። ላሟ ስትፈራገጥ ፌስታሉ ተቀደደ። አየሁት። እሷም አየችው። አላቆመችም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሪፖርቱን ራሷ በእጇ ጻፈችው፤ እኔ ተየብኩት። አራት ገጽ ነበር፤ ዋናው ነገር ግን መጨረሻው ላይ የነበሩት ሦስት መስመሮች ናቸው። በሽታው መኖሩን፣ ወተቱ መፍላት እንዳለበትና ከየት እንደመጣ የሚናገሩ። በማግሥቱ ሳትገባ ቀረች፤ አተኩሷታል ተባለ። የመጀመሪያው ትኩሳቷ ነበር።

በዚያው ቀን ኃላፊው ሪፖርቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣ። ሦስቱ መስመሮች ላይ በእርሳስ ተሠምሯል።

"እነዚህ ይውጡና ንጹሑን ተይበው።"

"ዶክተር ሳታየው?"

"እንግዶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። የሚጎበኙት ያንን መንደር ነው፣ የሚያዩትም ያችን ላም። ሲሄዱ እንመልሳቸዋለን። ደግሞስ አንተ መቼ ነው የእንስሳት ሐኪም የሆንከው?"

በምትካቸው አንድ መስመር ሰጠኝ፦ "በተደረገው ክትትል የእንስሳቱ ጤንነት በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል።" ተየብኩት። አልተገደድኩም፣ አልተዛተብኝም። የተጻፈልኝን ነው የምጽፈው ብዬ ተየብኩት። ለመተየብ የፈጀብኝ ሻይ የመጠጣት ያህል ጊዜ ነው። እሱ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት። ወረቀቱ ቀበሌ ተላከና ሕዝብ በተሰበሰበበት ተነበበ።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት የአዶት ብርነሽ ግቢ በሰው ተሞላ። እንግዶቹ ያንን አዲስ ኮፍያ አድርገዋል። ፓኬጅ ቀንዷ ላይ ሪባን ታስሮላታል። ኃላፊው ስለ ተሻሻለ ዝርያ ብዙ ተናገረ፤ አጨበጨቡለት። ሴቶቹ በኮባ ቅጠል ላይ አይብና ቆጮ አቀረቡ፤ አዲስ የታለበ ወተት በኩባያ አደሉ። አፋቸው ጋ ሊያደርሱ ሲሉ ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። ኸይሪያ ነበረች። በዚያ ፀሐይ ጋቢ ተከናንባለች፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

"እንግዶች፣ ይቅርታ" አለች። "ይህ ወተት አልፈላም። ላሟ የውርጃ በሽታ አለባት። ወረቀቱ ላይ የለም፤ ደሟ ውስጥ ግን አለ።"

ያን ጊዜ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ከእንግዶቹ አንድም ሰው "እርግጠኛ ነሽ ወይ?" ብሎ አልጠየቃትም። ማስረጃ አምጪ አላላትም። ኩባያቸውን አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀመጡ። ከሁሉም ቀድሞ ያስቀመጠው የእኛ ኃላፊ ነው። "ጤንነታቸው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል" ብሎ የፈረመው ሰው ኩባያውን አስቀምጦ አፉን በመሐረብ ጠረገ፤ ሳይጠጣ ጠረገው። ከዚያ "ዶክተር ትንሽ አሟታል፤ ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት" አለ። መኪኖቹ ወዲያው ተነሱ።

ሴቶቹ ኩባያዎቹን ሰበሰቡ። ወተት አይደፋም፤ ነውር ነው። ወደ ገንቦው መልሰው ገለበጡት።

እኔ ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር። "ወረቀቱ ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የተየብኩት" ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ግምገማው በሳምንቱ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። "የልማት ፀር" ተባለች፤ "ኪራይ ሰብሳቢ" ተባለች፤ የመንግሥትን ገጽታ በእንግዳ ፊት አበላሸች ተባለች። አንዱ ከኋላ፣ "ራስሽን ሂሺ" አላት።

"እሺ፣ ልሂስ" አለች። "ያችን ላም ለአዶት ብርነሽ የሰጠነው እኛ ነን፤ ሲታደሉ አልጮህኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው። የቀረውን ባክቴሪያው ይንገራችሁ፤ እሱ ግምገማ አይፈራም።"

ስትወጣ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመች። አሻሽለን የላክነውን ሪፖርት አይታዋለች። አልጮኸችም፤ ጎንበስ እንድል የሚያደርግ ድምጿ ነበር።

"ስለ መጻፍ ሁለት ነገር ነግሬህ ነበር። አንዱንም አልሰማኸኝም።"

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

ቆላ፣ ላቦራቶሪም ሐኪም ቤትም ወደሌለበት ቦታ አዛወሯት። ይህ በሽታ መድኃኒት አለው፤ ለሳምንታት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እሷ በሄደችበት መድኃኒቱ አንድ ሳምንት ይገኛል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ትኩሳቱ ይተዋታል፣ ይመለሳል። በመጨረሻ አዲስ አበባ የመረመራት ሐኪም ልቧ ውስጥ ገብቷል አለ። እናቷ ቤት ቡታጅራ ገብታ ተኛች። እኔም ወልቂጤን ትቼ እዚሁ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አየኋት፣ በምርኩዝ ስትሄድ፤ ተረከዟ መሬቱን መደብደብ ትቷል። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ሌላ መንገድ ታጠፍኩ። የምቆጣው በኃላፊው ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ተላላኪው በሄደ ማግሥት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እሷ የተቀበረችው በሞተችበት ቀን ነው፤ አልደረስኩም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው "አሰላሙ አለይኩም" እያለ ይገባል። ጥግ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ተቀምጠዋል። አወቅኳቸው። ከጉብሬ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ቡታጅራ መኪና እየቀያየሩ መጥተዋል። መካከላቸው አዶት ብርነሽ አለች፤ አጠገቧ ሙሉ የምትባለው ልጇ፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ። ሙሉ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም።

"ልጄን ሁለት ዓመት የወባ ክኒን አስዋጧት" አለችኝ አዶት ብርነሽ። "ሁለት ጽንስ ወረደባት። ኋላ ይቺ ነፍሷን ይማርና እሷው ናት ከአልጋዋ ሆና ለሐኪም ወረቀት ጽፋ የላከችን። እኛ ግን ወተቱን ደባልቀን ስንቀልድባት ነበር። በኋላም ስትነግረን ወረቀት መጣና 'የለም' አለ። ማኅተም አለው። ወረቀት አመንን።"

"አዶት፣ ያንን ወረቀት የተየብኩት እኔ ነኝ።"

ሴቶቹ ቀና አሉ። ሙሉ ምርኩዟን ያዘች።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ከውስጡ ሦስት መስመር አውጥቼ።"

"ማኅተሙን የመታውስ?"

"ኃላፊው።"

"እሱስ የት አለ?"

"አዲስ አበባ። አድጎ።"

"አድጎ" አለች፤ ቃሉን እንደ መራራ ነገር አፏ ውስጥ አዞረችው። ይቅር አላለችኝም፤ ይቅር በይኝም አላልኳትም። ቆይታ ጠየቀችኝ።

"ያወጣኸውን ታስታውሰዋለህ?"

"ቃል በቃል።"

"እንግዲያ መልሰው። እኛ ባናነብ ልጆቻችን ያነባሉ። ውጆው እንደሁ እስካሁን አለ።"

ስለ ኸይሪያ ግጥም ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ስንኞቹ ሁሉ ያምራሉ፤ እሷ ግን የሚያምር ነገር አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ያየሁትን እንዳልሰርዝ ነው። ማኅተም የለኝም። ይኸው፣ እንደ ጻፈችው፦

በመንደሩ የውርጃ በሽታ አለ።

ወተቱ ሳይፈላ አይጠጣ፤ አይብና ቅቤም ካልፈላ ወተት አይውጣ።

በሽታውን ወደ መንደሩ ያስገባው መሥሪያ ቤታችን ነው፤ ላሟን ሳንመረምር ሰጥተናል።